የሰላም አንጎልና ሦስቱ ሰዓቶች፦ የዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድን ሥራ እንዴት እናንብበው?

ስለ ዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ስንሰማ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ አንዲት ቀን ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 2000 (በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1 ቀን 1993) አፋር ውስጥ ዲኪካ በተባለ ቦታ፣ የምርምር ቡድኑ አባል አቶ ጥላሁን ገብረሥላሴ ከአቧራማ ቁልቁለት ላይ ብቅ ያለ ትንሽ ፊት አዩ። ፊቱ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሕፃን የራስ ቅል ሆኖ ተገኘ። ሕፃኗም ሰላም ተባለች። ታሪኩ ደስ ይላል፤ እኔም ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ግን የአንድ ተመራማሪ ሥራ በአንድ ቀን ዕድል አይመዘንም። መመዘን ያለበት ከዚያ በኋላ ባሉት 20 ዓመታት ነው፤ እነሱን ደግሞ ብዙም አናወራላቸውም።

በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ልሂድ። የሰላም የራስ ቅል ስለ አንጎል አስተዳደግ በእርግጥ ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልሱን ስናሳስት የምንሳሳተው ስለ ጥንት ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በየቤታችን ስላሉ ሕፃናትም ጭምር ነው። እንዴት እንደሆነ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ከአክሱም እስከ ቺካጎ

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቃቸው። ዶ/ር ዘረሰናይ በ1969 አክሱም ተወለዱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ተምረው በ1990 ተመረቁ፤ በብሔራዊ ሙዚየምም ሠሩ። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ሄደው ሞንፔልዬ ላይ ማስተርሳቸውን፣ በ1998 ደግሞ ፓሪስ ላይ ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1999 የዲኪካን የምርምር ፕሮጀክት ጀመሩ። በኋላ ጀርመን ላይፕሲግ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም፣ ከ2008 ጀምሮ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል።

ሰላም የተገኘችው በ2000 ነው። ዜናው ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው ግን በሴፕቴምበር 2006 ነው። መሐል ላይ ያሉት ስድስት ዓመታት የት ሄዱ? መልሱ አሸዋ ነው። አጥንቶቹ እንደ ድንጋይ በደረቀ አሸዋ ተይዘው ነበር። ዶ/ር ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ በማጉያ መነጽር እያዩ፣ አሸዋውን ፍሬ በፍሬ እየለቀሙ አወጡት። አንድ ጊዜ እጅ ቢሰነዝር 3.3 ሚሊዮን ዓመት የቆየ የጎድን አጥንት ይሰበራል። በኔ እምነት የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት ይህ ነው። ስድስት ዓመት ዝም ብሎ መሥራት በየወሩ ውጤት ለሚጠየቅ ተመራማሪ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኔም በትንሹ አውቀዋለሁ።

ከዚያ በኋላም አልተቻኮሉም። በ2012 የትከሻ አጥንቷ፣ በ2017 የጀርባ አከርካሪዋ፣ በ2018 እግሯ፣ በ2020 ደግሞ አንጎሏ በየተራ ተጠኑ። ከእነዚህ መሐል ለዛሬ የምመርጠው የመጨረሻውን ነው።

አንጎል ሳይቀር አንጎልን መለካት

አንጎል ቅሪተ አካል አይሆንም፤ ቶሎ ይበሰብሳል። የሚቀረው የራስ ቅል ነው። አንጎል ሲያድግ የራስ ቅሉን ከውስጥ እየገፋ መልኩን ያትምበታል፤ ሊጥ የምጣዱን ቅርጽ እንደሚይዝ ሳይሆን፣ በተቃራኒው ምጣዱ የሊጡን ቅርጽ እንደያዘ ቁጠሩት። ሰላም ስትሞት ባዶ የቀረው የራስ ቅሏ በአሸዋ ተሞላ፤ አሸዋው ደነደነ። እናም ተፈጥሮ ራሷ የአንጎሏን ቅጂ ሠርታ አስቀመጠችልን።

በ2006 ይህ ቅጂ ከፊሉ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ሌላው አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ስለዚህ ቡድኑ ያቀረበው ሰፊ ግምት ነው፤ የሰላም አንጎል ከአዋቂዎቹ ወገኖቿ አንጎል ከ63 እስከ 88 በመቶ የሚሆነውን ያህል ነው አሉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። 63 እና 88 በጣም የተራራቁ ቁጥሮች ናቸው። 88 ከሆነ የሰላም አንጎል ከቺምፓንዚ ብዙም አይለይም፤ ምክንያቱም አንዲት ቺምፓንዚ 3 ዓመት ሲሞላት የአንጎሏን ዕድገት 90 በመቶ ገደማ ጨርሳለች። 63 ከሆነ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፤ ከቺምፓንዚ ይልቅ ቀስ ብላ ታድግ ነበር ማለት ነው። ቡድኑ ክፍተቱን ሳይደብቅ መጻፉ የሚያስመሰግነው ነው። የሚቀጥለው ሥራ ያንን ክፍተት ማጥበብ ነበር።

ያንን ያደረገው በ2020 ሳይንስ አድቫንስስ ላይ የወጣው ጥናት ነው። ዋና ጸሐፊው ፊሊፕ ጉንዝ ናቸው፤ ዶ/ር ዘረሰናይም ከመሪዎቹ አንዱ ናቸው። የራስ ቅሉ ፈረንሳይ ግሬኖብል ወዳለው ሲንክሮትሮን ተወሰደ። ሲንክሮትሮን ማለት ኤሌክትሮኖችን በትልቅ ቀለበት ውስጥ እያሽከረከረ እጅግ ብርቱ ኤክስሬይ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። የሆስፒታል ኤክስሬይ አጥንትን ያሳያል፤ ይህኛው ጥርስ ውስጥ ያለችውን የአንድ ቀን መስመር ሳይቀር ያሳያል።

የአንድ ቀን መስመር? አዎ። ጥርስ ሲሠራ በየቀኑ አንድ ቀጭን ሽፋን ይጨምራል። ሕፃን የተወለደበት ቀንም ጎልቶ የሚታይ መስመር ይተዋል። ዛፍን በዓመት ቀለበቱ እንደምናነበው ጥርስን በቀን መስመሩ ማንበብ ይቻላል። ተመራማሪዎቹ ከልደቷ መስመር ተነሥተው ሲቆጥሩ ሰላም በሞተችበት ዕለት 861 ቀን ኖራ ነበር፤ 2 ዓመት ከ4 ወር ገደማ መሆኑ ነው። ቀድሞ ይነገር የነበረው «የ3 ዓመት ሕፃን» በዚህ ተስተካከለ። የአንጎሏ መጠንም 275 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አካባቢ ሆነ፤ ትልቅ የሻይ ብርጭቆ እንደሚይዘው ያህል።

ሁለት ውጤት፣ ሁለት አቅጣጫ

ጥናቱ ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱ የሚጎትቱት ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው።

አንደኛው ስለ አደረጃጀት ነው። የዝንጀሮ ወገኖች አንጎል ከኋላ በኩል ሉኔት የሚባል ስንጥቅ አለው። በቺምፓንዚ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ይገኛል። በሰው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ከፊቱ ያለው ነገሮችን የሚያገናኘው ክፍል ስለሰፋ ነው ይባላል። የሰላም ዝርያ የሆነው አውስትራሎፒተከስ አፋረንሲስ የትኛውን ይመስል ነበር? ራልፍ ሆሎዌይና ዲን ፎልክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሐዳር በተገኘ ሌላ የራስ ቅል ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲከራከሩበት ኖረዋል። የሰላም ስንጥቅ በግልጽ ታየ፤ ቦታው እንደ ቺምፓንዚ ነው። አደረጃጀቱ ገና የሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ስለ ጊዜ ነው። የአዋቂዎቹ አማካይ መጠን 445 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። 275ን ለ445 ብታካፍሉት 62 በመቶ ይመጣል። እንግዲህ ሰላም በ861 ቀኗ ገና ብዙ መንገድ ይቀራት ነበር። አደረጃጀቱ የዝንጀሮ ሆኖ ሳለ የዕድገቱ ጊዜ መርዘም ጀምሯል።

በኔ አስተያየት የሥራው ውበት እዚህ ላይ ነው። ለአገር ኩራት የሚመቸው መልስ «አንጎሏ የሰው ነበር» የሚለው ነበር። እነሱ ግን አላሉትም። ስንጥቁ የቺምፓንዚ ነው ብለው በግልጽ ጻፉ።

የመሐንዲስ ጥያቄ

አሁን ትችቱ። እኔ የተማርኩት ምሕንድስና ነው፤ ክፍልፋይ ሳይ መጀመሪያ የማየው ከታች ያለውን ቁጥር ነው። የላይኛው ቁጥር፣ 275፣ በሲንክሮትሮን የተለካ ነው። የታችኛው ግን ከጥቂት አዋቂ የራስ ቅሎች የተገኘ አማካይ ነው፤ እነሱም ትልቅና ትንሽ አላቸው። ሰላም ብታድግ ኖሮ ትልቋን ትሆን ነበር ወይስ ትንሿን? በጥርሶቿ መጠን ሴት እንደሆነች ይገመታል፤ የዚህ ዝርያ ሴቶች ደግሞ በአካል ከወንዶቹ ያነሱ ነበሩ። እስቲ እናስላው። አዋቂው 500 ቢሆን 55 በመቶ ይሆናል። አዋቂዋ 400 ብትሆን 69 በመቶ ይሆናል።

በ55 እና በ69 መሐል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። ግን አስተውሉ፤ ሁለቱም ከ90 በጣም ያንሳሉ። ስለዚህ «ከቺምፓንዚ ቀስ ይል ነበር» የሚለው ድምዳሜ በዚህ ፈተና አይወድቅም። «በስንት ዓመት ዕድገቱን ይጨርስ ነበር?» ለሚለው ግን መልስ አናገኝም። አንዳንድ ዜናዎች የመጀመሪያውን ድምዳሜ ይዘው ሁለተኛውንም የተመለሰ አስመስለው አውርተዋል። ያ የጥናቱ ጥፋት አይደለም።

ሌላው የናሙና ጉዳይ ነው። ለሕፃናቱ በኩል ያሉት ሁለት ናቸው፤ ሰላምና በሐዳር የተገኘ ሌላ ሕፃን። ሁለት ናሙና ይዤ ብቀርብ አማካሪዬ «ሂድና ጨምር» ብሎ ይመልሰኛል። እዚህ ግን «ጨምር» ቢባል ከየት ይመጣል? የሕፃን አጥንት ስስ ነው፤ 3 ሚሊዮን ዓመት የሚዘልቀው በተአምር ነው። ሁለት መሆናቸው ሥራውን አያረክሰውም፤ ቃሉን ግን ያለዝበዋል። «ያመለክታል» እንጂ «አረጋገጠ» አይባልም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ይኸው የዲኪካ ቡድን በ2010 በሁለት የእንስሳት አጥንቶች ላይ የድንጋይ መሣሪያ ጭረት አገኘን ብሎ ነበር፤ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ጭረቱ እንስሳት አጥንቱን አሸዋ ላይ ሲረግጡት ሊመጣ ይችላል ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ አጥብቆ ቢከራከርና ሌላ ቦታ ላይ ጥንቁቅ ቢሆን ሁለቱም የሥራው አካል ናቸው። እኛ አንባቢዎች ግን ሁሉንም ድምዳሜ በእኩል ሚዛን መቀበል የለብንም።

ስለ ቅጽል ስሟም አንድ ነገር ልበል። ሰላምን «የሉሲ ልጅ» የሚላት ብዙ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ክረምት ለተማሪዎች ስለ ሳይንስ ስናወራ አንዱ ልጅ «ታዲያ አባቷስ ማን ነው?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ጥያቄው ግን ቁም ነገር አለው። ሰላም ከሉሲ (ከድንቅነሽ) ቢያንስ 100 ሺህ ዓመት ትቀድማለች። ልጅ እናቷን በ100 ሺህ ዓመት ስትበልጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቅጽሉ ለጋዜጣ ርዕስ ይመቻል፤ ለጊዜ ግንዛቤ ግን መርዝ ነው።

ግንደ ሕዋሳት የያዙት ሌላኛው ጫፍ

ትልቁ ስህተት ግን ይህ አይደለም። ትልቁ ስህተት «አንጎል ረጅም ጊዜ አደገ» የሚለውን «አንጎል ብዙ ሕዋስ አፈራ» ብሎ ማንበብ ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ እንሂድ።

ሰላም በኔቸር በወጣችበት በ2006፣ ጃፓን ኪዮቶ ላይ ሺንያ ያማናካ የአይጥ ቆዳ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት (ስቴም ሴል) ሊመለስ እንደሚችል አሳዩ። ግንደ ሕዋስ ማለት ገና ሥራ ያልተመደበለት፣ እየተከፈለ ራሱንም ሌላ ዓይነት ሕዋስም ማፍራት የሚችል ሕዋስ ነው። የነርቭ ግንደ ሕዋሳት ደግሞ በፅንስ ውስጥ የአንጎልን ሕዋሳት የሚያፈሩ ናቸው። መጀመሪያ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ ራሳቸውን ያበዛሉ። ከዚያ ሥራ ይቀይሩና ነርቭ ሕዋስ ማፍራት ይጀምራሉ።

ሒሳቡን አስቡት። ዕጥፍ እየሆነ በሚሄድ ነገር ላይ ሁለት ዙር ብትጨምሩ ውጤቱ በሁለት አይጨምርም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ አንጎል ለመሥራት አንዱ ዘዴ ግንደ ሕዋሳቱ ሥራ የሚቀይሩበትን ቀን ትንሽ ማዘግየት ነው።

እውነትም እንዲህ ይመስላል። ማደሊን ላንካስተር የተባሉ ተመራማሪ በ2013 ቪየና ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኦርጋኖይድ የሚባለውን፣ ከግንደ ሕዋሳት በሳህን ውስጥ የሚያድግ የአተር ፍሬ የምታህል የአንጎል ቁራሽ ሠሩ። በ2021 ደግሞ ካምብሪጅ ላይ ያለው ቡድናቸው የሰውን፣ የቺምፓንዚንና የጎሪላን ኦርጋኖይድ ጎን ለጎን አሳደገ። የቺምፓንዚውና የጎሪላው የመጀመሪያ ሕዋሳት ቅርጻቸውን ቀይረው ወደሚቀጥለው ደረጃ የገቡት በ5 ቀን ገደማ ነው። የሰዎቹ 7 ቀን ገደማ ፈጀባቸው። ሁለት ቀን! ከዚህ በተጨማሪ በ2018 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ካሊፎርኒያ አንዱ ብራስልስ፣ ኖች2ኤንኤል የሚባል በሰው ብቻ የሚገኝ የዘረመል ቤተሰብ ግንደ ሕዋሳቱን በመከፋፈል ላይ እንደሚያቆያቸው አሳዩ። ይህ ዘረመል የተፈጠረው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ ይገመታል።

3.3 ሚሊዮን ዓመት ላይ ያለችው ሰላም መሐሉ ላይ ትወድቃለች! ለጸሐፊ ይህ ፈተና ነው፤ «እነሆ ምስጢሩ ተፈታ» ብሎ ለመጻፍ እጅ ይበላል። ግን አይሆንም። ከሰው ዘመዶች ቅሪተ አካል እስካሁን የተነበበው ጥንታዊው የኒውክሌር ዲኤንኤ ስፔን ውስጥ የተገኘ 430 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው ነው። በአፋር ሙቀት 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሚቆይ ዲኤንኤ አይጠበቅም። ሰላም ይህ ዘረመል ይኑራት አይኑራት አጥንቷ አይመልስም።

የኦርጋኖይድ ሥራም የራሱ ድክመት አለው። ኦርጋኖይድ እናት የለውም፣ የደም ሥር የለውም፣ የራስ ቅል የለውም፤ ከፅንስ የመጀመሪያ ወራት አልፎ ብዙ አይሄድም። አጥንት አጥኚው ሕዋሱን አያይም። ሕዋስ አጥኚው ደግሞ ልጁ ሲያድግ አያይም። አንዱ የመሠረቱን ፎቶ፣ ሌላው የጣሪያውን ፎቶ ይዘው ስለ አንድ ቤት ያወራሉ።

ሦስት ሰዓቶች

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የአንጎል ግንባታ ሦስት ሰዓት አለው ብለን እናስብ።

የመጀመሪያው ሰዓት እጅግ አጭር ነው። ፅንስ በተፈጠረ በ28 ቀን ገደማ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ተጠቅልሎ መዘጋት አለበት። ሁለተኛው ሰዓት በእርግዝና ወራት የሚሄደው ነው፤ ግንደ ሕዋሳቱ የሚባዙበትና ነርቭ ሕዋስ የሚያፈሩበት። በሰው ልጅ የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ውስጥ ካሉት 16 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ ሕዋሳት እጅግ የሚበዙት ከመወለዳችን በፊት የተፈሩ ናቸው። ሦስተኛው ሰዓት ከልደት በኋላ ያለው ነው። አንጎል በዚህ ጊዜ የሚተልቀው በዋናነት አዲስ ነርቭ ሕዋስ ስለተፈጠረ አይደለም። ያሉት ቅርንጫፍ ስለሚያወጡ፣ እርስ በርስ ስለሚገናኙ፣ ደጋፊ ሕዋሳት ስለሚበዙና ሽቦዎቹ በስብ ስለሚለበዱ ነው።

የሰላም የራስ ቅል የሚናገረው ስለ ሦስተኛው ሰዓት ነው። የላንካስተር ኦርጋኖይድ የሚናገረው ከመጀመሪያው ማለቂያ እስከ ሁለተኛው መጀመሪያ ድረስ ስላለው ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ «ሰላም ብዙ ጊዜ ስላደገች ብዙ ሕዋስ ነበራት» ማለት ብሎኬት የሚመረትበትን ቀንና ልስን የሚቀባበትን ቀን አንድ ነው እንደማለት ነው። ሰላም ስንት ነርቭ ሕዋስ እንደነበራት ማንም አልቆጠረም። ጥናቱም ቆጠርኩ አላለም።

ይህ ለጋይንት ልጅ ምኑ ነው?

አሁን መጀመሪያ ላይ ቃል ወደገባሁት ልምጣ። የ2020ው ጥናት ጸሐፊዎች የአንጎል ዕድገት መርዘም ለምን ጠቀመ ለሚለው ከሰጧቸው ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው፤ ምግብ በማይበዛበት አካባቢ የሕፃኑን ፍላጎት በብዙ ዓመታት ላይ ማከፋፈል እናትን ያግዛል። ሐሳቡ ብልህ ነው። ግን እኔ የንፋስ መውጫ ልጅ ስለሆንኩ ሳነበው ደንገጥ አልኩ።

እኛ ጋ ልጅ አልገዝፍ ሲል፣ ከእኩዮቹ ሲያንስ፣ ጎረቤት እናቲቱን «አይዞሽ እቴ፣ ልጅ እያደር ነው የሚያድግ» ይላታል። በፍቅር ነው የሚባለው። ነገር ግን አንድ ሰው ይህን ሳይንስ ከላይ ከላይ አንብቦ «ለካ አንጎል ቀስ ብሎ ማደጉ ጥሩ ነው፤ የሰው ዘር ምስጢሩ ይህ ነው» ቢል ምን ይፈጠራል? በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 41 በመቶ ገደማው ቀንጭረዋል። እንዲህ ባለ አገር ይህ የንባብ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? አንድ ሕንፃ በአምስት ዓመት እንዲያልቅ ታቅዶ አምስት ዓመት ቢፈጅ በዕቅዱ ሄደ ይባላል። በሁለት ዓመት ሊያልቅ ታቅዶ ሲሚንቶ ጠፍቶ አምስት ዓመት ቢፈጅ ግን ተጓተተ ነው የሚባለው፤ መሐል ላይ ዝናብ የበላው ግድግዳም ይኖራል። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም «የአምስት ዓመት ሕንፃ» ናቸው። የሰላም ዝርያ ዘገምታ የዕቅድ ነው፤ በዝርያው ሁሉ ላይ በረጅም ዘመን የተጻፈ። የቀነጨረ ሕፃን ዘገምታ የሲሚንቶ እጥረት ነው። እያደር ብሎ የሚጠበቅ አይደለም፤ አሁን ምግብ፣ አሁን የጤና ክትትል የሚፈልግ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓትም እዚህ ይገባል። ያ ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ያስፈልጋል። ችግሩ 28ኛው ቀን ሲያልፍ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ ክኒኑ ካረገዙ በኋላ ቢጀመር ለዚህ ጉዳይ ይዘገያል፤ የሚመከረው በቀን 400 ማይክሮግራም ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ነው። ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን ፎሌት አላቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም ተብሎ ይታሰባል። ብዙ አገሮች መፍትሔ ያደረጉት በፋብሪካ ዱቄት ውስጥ መጨመር ነው። በጉና ሥር ያለች እናት ግን የምታስፈጨው የራሷን ገብስ ነው፤ ከማሳ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ወደ ምጣድ። ፋብሪካው መሐል የለበትም። ይህን ቀዳዳ መድፈን ሳይንቲስትም መሐንዲስም የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ጨው ላይ መጨመርን የመሰሉ አማራጮች እየተጠኑ ያሉትም ለዚህ ነው።

ፍርዱ

የዶ/ር ዘረሰናይ ሥራ ትልቅ ነው የምለው ሰላምን ስላገኙ ብቻ አይደለም። አንድን የራስ ቅል ለ20 ዓመት ደጋግመው በመጠየቃቸው፣ የራሳቸውን የቀድሞ ግምት በተሻለ መሣሪያ ለማረም በመፍቀዳቸውና ለኩራት የማይመች መልስ ሲመጣ በመጻፋቸው ነው። ድክመቱ ደግሞ በአብዛኛው የእሳቸው ሳይሆን የማስረጃው ነው፤ ሁለት ሕፃናት፣ ጥቂት አዋቂዎች፣ ዜሮ ዲኤንኤ። የኛ ድክመት ግን የኛው ነው። ግኝቱን እንደ ዋንጫ ተቀብለን ጥያቄውን ሳንወርሰው ቀረን።

ጥያቄው ክፍት ነው። አጥንቱን ከሕዋሱ የሚያገናኝ፣ ከ28ኛው ቀን እስከ 861ኛው ቀን ያለውን መንገድ በአንድ ካርታ ላይ የሚያሰፍር ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡ። እዚያ ስትቆሙ «ስንት ዓመቷ ነው?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ይህን በምን አወቁ? ከታች ያለው ቁጥር ስንት ነው? ከየት መጣ?» በሉ። ሳይንቲስት መሆን የሚጀምረው ከዚያ ነው።